የሌላ ባትሪ ምክር

ሪሞቱ ከማዳበሪያ ከረጢት ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ በዙሪያው ያለው ዕቃ ሁሉ ቦታ ለቀቀለት፤ ሆዳቸው የተከፈተ ቀፎዎች፣ ገመዳቸው የተበጠሰ የሶላር መብራቶች፣ ከአንድ የገጠር ደብር የመጣ የእጅ ድምፅ ማጉያ። ቀኑ ቅዳሜ፣ የላሊበላ ገበያ ነው። ከገነተ ማርያም፣ ከብልባላ፣ ከአሸተን ጀርባ ካሉት መንደሮች እህልና ማር፣ ዶሮና ፍየል ይዘው ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ገበያው ከመግባታቸው በፊት እዚህች የቆርቆሮ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ዕቃ ጥለው ያልፋሉ። ሲመለሱ ይወስዱታል፤ ከዳነ።

ሪሞቱን ያመጣው ወጣት የፊዚክስ መምህር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አውሮፓዊ እንግዳ ለአስጎብኚው ትቶለት የሄደውን ዕቃ አስጎብኚው ደግሞ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ሰጥቶታል። ግራና ቀኝ በአውራ ጣት የሚገፉ ሁለት ዘንጎች፣ ተስቦ የሚረዝም አንቴና፣ መርፌ ያላት ትንሽ የቮልት መለኪያ አለው። አብሮት የመጣው ሞተር አልባ ሞዴል አውሮፕላን ክንፉ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ተማሪዎቹ መቀበያውንና የክንፉንና የጅራቱን መሪዎች የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች ፈትተው ከእንጨት በሠሩት ባለ አራት ጎማ ጋሪ ላይ ገጥመዋቸዋል። መምህሩ ክንፉን ለማስጠገን አልሞከረም። የላስታ ገደል አፋፍ፣ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ የሚነፍስበት፣ ሞተር ለሌለው አውሮፕላን የተመቸ ነው፤ ጭላቶቹ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ሰዓታት የሚንሳፈፉት በዚያው ነፋስ ነው። ግን በአማራ ክልል ሰማይ ላይ የሚበር ነገር ዛሬ ለጨዋታ የሚታይ አይደለም። ድሮን ይዞ ለመግባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ባሻገር ደግሞ አንቴናው የተዘረጋ ሪሞት ይዞ ኬላ ላይ መቆም ራሱ ብዙ ጥያቄ ያመጣል። ጋሪ መሬት ላይ ይሄዳል፤ ማንም አይደነግጥበትም።

“ጋሼ፣ ቻርጅ አይዝም” አለ መምህሩ። “ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ያድራል፤ ጠዋት ስከፍተው ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጮሃል፣ ይጠፋል።”

“ስንት ዓመቱ ነው?”

“እኔ እንጃ። እኔ ሳገኘው አሮጌ ነበር።”

“እሱማ ያስታውቃል።” ባለሙያው የጀርባውን ክዳን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ከፈተው። ውስጡ በሰማያዊ ላስቲክ የተጠቀለሉ ስምንት ሴሎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በግድግዳ ሰዓት ውስጥ የምትገባውን ድንጋይ ያክላሉ። ላስቲኩ ላይ 9.6 ቮልት፣ 600 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ አለ። በሁለቱ ሴሎች አናት ላይ የጨው ቅርፊት የመሰለ ነጭ ዱቄት ወጥቷል። ሰውዬው ዱቄቱን አልነካውም። መጀመሪያ የነካው ጥቁሩን ሽቦ ነው፤ ጫፉን በምላጭ ልጦ ወደ ብርሃን አዞረው። መዳቡ የመዳብ ቀለም አልነበረውም። ከሰል መስሏል።

ሰውዬው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው፤ በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ የመገናኛ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ይህን ዓይነት ባትሪ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ነጩ ዱቄት ከሴሉ የፈሰሰ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ የሠራው ቅሪት ነው። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳንና ዓይንን ይበላል፤ አሲድ ስላልሆነም በሶዳ አይጸዳም። የሚያጸዳው አሲድ የሆነ ነገር ነው፤ አቼቶ ወይም ሎሚ። ጥቁሩ ሽቦ የሚበላው ደግሞ በዚሁ ፍሳሽ ነው፤ ከኔጋቲቩ ጫፍ ተነስቶ በሽፋኑ ውስጥ ለውስጥ እየተሳበ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ማብሪያ ማጥፊያው ድረስ ይደርሳል። እንዲህ የሆነ ሽቦ ሶልደር አይቀበልም። ባትሪው አዲስ ተቀይሮለት ሪሞቱ አሁንም የሚያስቸግር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው፤ ጠጋኙ ባትሪውን ቀይሮ የተበላውን ሽቦ ትቶታል።

እንዲህ ያለው ባትሪ ኒኬል ካድሚየም ይባላል። ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የውኃ ገንዳ ላይ ያለ ገመድ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለተመልካች ካሳየ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሁለቱ ፈጠራዎች ተገናኝተው በአንድ ሣጥን ውስጥ ለመኖር ግማሽ ምዕተ ዓመት ግድም ፈጅቶባቸዋል። ከተገናኙ በኋላ ግን ረጅም ዘመን አብረው ኖሩ፤ ፉታባም ሆነ ጄአር ለሞዴል አውሮፕላን ይሠሯቸው የነበሩት ሪሞቶች ለአሥርት ዓመታት በስምንት ሴል፣ በ9.6 ቮልት ነበር የሚሠሩት። የአንዱ ሴል ቮልቴጅ 1.2 ነው፤ ስምንት ጊዜ 1.2፣ 9.6 ይሆናል።

ነገሩ ሁሉ ያለው “ስምንት” የሚለው ላይ ነው። ሴሎቹ የተያያዙት በተርታ፣ የአንዱ ራስ ከሌላው ጅራት ጋር ነው፤ ከአንዱ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሌሎቹ ሁሉ ውስጥ ማለፍ አለበት። ስምንት ሰው በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ አንዱ ጉልበቱ ቢከዳው ሰባቱ የእሱን ድርሻ ብቻ አይደለም የሚሸከሙት፣ እሱንም ይጎትቱታል። በባትሪው ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ያለቀውን ሴል የቀሩት በግድ ይገፉታል፤ ዜሮ ላይ ሲደርስም አያቆሙም፣ ፖዘቲቩ ኔጋቲቭ እስኪሆን ይገለብጡታል። የተገለበጠ ሴል ጋዝ ያመነጫል፣ በጫፉ ያፈሳል፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አይሆንም። “ባትሪው ሞተ” ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሞተው አንድ ወይም ሁለት ሴል ነው።

ባለሙያው የመምህሩን ቻርጀር ሰክቶ አሳደረና በማግስቱ ባትሪውን ለካው። ቻርጀሩ 50 ሚሊ አምፒር ብቻ የሚሰጥ፣ የባትሪውን አሥራ ሁለተኛ እጅ የሚያክል ኃይል ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የሚያንጠባጥብ ዓይነት ነው። ቴስተሩ 9.7 ቮልት አሳየ። ላስቲኩ ላይ 9.6 ተጽፏል፤ ለማያውቅ ሰው ባትሪው ሞልቶ ተርፏል። የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ቁጥር ሲያይ ይጠረጥራል፤ አሁን ከቻርጀር የወጣ ጤነኛ የስምንት ሴል ባትሪ 11 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። 9.7 ማለት ሰባት ሴል ነው። ላስቲኩ ተቀዶ እያንዳንዱ ሲለካ ሰባቱ 1.38 አካባቢ ናቸው፤ ከጫፍ ሦስተኛው ዜሮ።

ቀጥሎ አምፖል መጣ፤ ከባጃጅ የተፈታች ትንሽ 5 ዋት አምፖል። ይህች አምፖል በ9.6 ቮልት 360 ሚሊ አምፒር ያህል ትስባለች፤ ባትሪው የተጻፈበትን 600 የያዘ ቢሆን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ባበራት ነበር። ሰውዬው ሻይ አዘዘ። ሻዩ ሳይመጣ ብርሃኑ ቀላ፤ ቴስተሩ ሌላኛው ያፈሰሰ ሴል ከዜሮ በታች መውረዱን አሳየ። የሴሉ ምልክት ተገልብጧል። አምፖሏን ነቀላት። የኒኬል ባትሪ ሲፈተን አንድ ሴል ከ1 ቮልት በታች ከወረደ ፈተናው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መግደል ነው።

“ሁለት ሞተዋል” አለ። “ስድስቱ ሽማግሌ ናቸው።”

መምህሩ ስለ ማስነሳት ጠየቀ። የሞተ የኒኬል ባትሪ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ አንዴ ከተመታ ይነሳል ሲባል ሰምቷል። ውሸት አይደለም። ዜሮ የሚያሳይ የኒኬል ካድሚየም ሴል ብዙ ጊዜ ውስጡ ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ከካድሚየሙ በኩል ክር የመሰሉ ቀጫጭን እሾሆች አድገው መለያውን ይበሱና ወዲያኛው ማዶ ይነካሉ። ከባድ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ቢላክበት ክሩ ይቃጠላል፤ ሴሉም ቻርጅ መቀበል ይጀምራል። ሰውዬው መነጽር አድርጎ፣ መምህሩን ከጠረጴዛው አርቆ፣ ከባጃጅ ባትሪ በወፍራም ሽቦ ሴሉን ለቅጽበት ነካ ነካ አደረገው። ሴሉ ሊፈነዳ ስለሚችል ይህን ማንም ቤቱ ውስጥ እንዲሞክረው አልመክርም። ዜሮ የነበረው 1.2 ሆነ። መምህሩ ፈገግ አለ። በማግስቱ 0.3 ላይ ተገኘ። ክሩ ቢቃጠልም ክሩ የበሳው መለያ ቀዳዳው እንዳለ ነው፤ ቻርጁ በዚያው ይንጠፈጠፋል፣ ክሩም ተመልሶ ያድጋል።

ኒኬል ካድሚየም የተቆረሰ ጉልበቱን የሚመልስበት ሌላ መንገድ አለው፤ እሱ ደግሞ ከዚህ የተሻለ እውነት ነው። ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ ቻርጅ የተደረገ ወይም በየጊዜው ጥቂት ብቻ እየተቀነሰ የተሞላ ሴል ቮልቴጁ ቀድሞ ይወርዳል፤ ባትሪው ሳያልቅ ያለቀ ይመስላል። ሰው ይህን “ባትሪው ለምዶታል” ይለዋል። እንዲህ ያለው ባትሪ በእያንዳንዱ ሴል እስከ 1 ቮልት ድረስ ቀስ ተብሎ ይራገፋል፣ ከዚያ በዝግታ ይሞላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ግን ይህ የሚሠራው ጤነኛ ሆነው ለሰነፉ ሴሎች ነው። ያፈሰሰን፣ የተበሳን፣ የደረቀን አያድንም። ስድስቱ ሽማግሌዎች በዚህ መንገድ ትንሽ ሊበረቱ ይችላሉ፤ ከሁለት አዲስ ሴሎች ጋር ቢቀላቀሉ ግን በተርታው ውስጥ ደካማዎቹ እነሱ ይሆናሉና ያው ታሪክ እንደገና ይጀምራል። አሮጌና አዲስ አይቀላቀልም። ይህን እያወቀ የሚቀላቅል ጠጋኝ አለ፤ ደንበኛው በወሩ ተመልሶ እንዲመጣ።

እኔን ከሪሞቱ ይበልጥ የገረመኝ ግን እዚያች ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚሰማው ምክር ነው። ባትሪ ያለው ሰው ሁሉ ምክር አለው። አንዲት እናት የሶላር መብራታቸውን ሲያቀብሉ “ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ አድርጌው አላውቅም፣ በደንብ ነው የያዝኩት” አሉ፤ ምስጋና እየጠበቁ። አንድ ወጣት አዲስ ቀፎ ሲገዛ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት፣ ኧረ ሃያ አራት ሰዓት ተሰክቶ መቆየት እንዳለበት ለጓደኛው ያስረዳዋል። ሌላው ድንጋዮቹን ከሬዲዮው አውጥቶ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አስመትቷቸዋል።

ሦስቱም ከእውነት ተነስተዋል። የድንጋዩን እንውሰድ። በገጠር ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ለረጅም ዘመን የሚሠሩት በዚንክ ካርቦን ድንጋይ ነበር፤ ዛሬም ከየሱቁ አልጠፉም። ይህ ድንጋይ ሲያርፍ ውስጡ የተጠራቀመው ጋዝና ቅሪት ትንሽ ይበተናል፣ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ኬሚካሉ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ለአንድ ዜና ያህል ሬዲዮውን ያናግረዋል። በጥርስ መንከስም፣ በድንጋይ መቀጥቀጥም ውስጡን አጠጋግቶ ጥቂት ይጨምርለት ነበር። ይኸው ልማድ ወደ ሊቲየም ሲሻገር ግን ገዳይ ነው፤ ሊቲየም ሙቀት ያስረጀዋል፣ ሊነከስማ የሚታሰብ አይደለም።

“ሳያልቅ አትሙላው” የሚለው ከኒኬል ካድሚየም ዘመን የተረፈ ነው፤ እዚያ ቁም ነገር ነበረው። የስምንት ሰዓቱም እንዲሁ፤ በኒኬል ዘመን አዲስ ባትሪ ሴሎቹ እኩል እንዲሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ይሞላ ነበር። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያውን የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ግን ኪሳችን የገባው ሌላ ፍጥረት ነው። ሊቲየም እስከ መጨረሻው መራገፍን አይወድም፤ ግማሽ ላይ ቢሞላ ደስ ይለዋል፤ ሞልቶ መሰንበትም ያስረጀዋል። የመኪና እርሳስ ባትሪ ደግሞ ለብቻው ሌላ ነው፤ እሱ ባዶውን ማደር አይችልም፣ ሳህኑ ላይ የሰልፌት ድንጋይ ይሠራበታል። ኒኬል ካድሚየም በተቃራኒው ባዶውን ለወራት ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ አይከፋውም። ምክሩ ትክክል ሆኖ ባትሪው ሌላ ነው። በላስታ ያየሁት ባትሪ በብዛት የሚሞተው በቸልተኝነት አይደለም፤ በጥንቃቄ፣ ግን በሌላ ባትሪ ጥንቃቄ ነው።

ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር እንዳልሆነ ከተማዋ ታውቀዋለች። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት እጅ ከለወጠች በኋላ መብራትም፣ ስልክም፣ ባንክም ጠፋ። በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ደጋግማ እጅ ለወጠች፤ የዚያ ዓመት ገና ሲከበርም መስመሩ አልተመለሰም ነበር። መብራቱ የጠፋው ደግሞ ለወራት ነው። በዚያን ጊዜ ሶላር ያለው ለሌለው ቀፎ ይሞላ ነበር፤ በሆቴሎች ጄኔሬተር ሥር ሰው ይሰለፍ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያለ ማናቸውም ባትሪ፣ ከመኪና የተነቀለው ሳይቀር፣ ወደ መብራትነት ተቀየረ። የእርሳስ ባትሪዎች በየሌሊቱ እስከ ጥግ ተራግፈው በደመናማ ቀን ሳይሞሉ አደሩ። ሲመሽ የሚበራ ነገር ሲያጥር ባትሪን “ትንሽ ላሳርፈው” ማለት ቅንጦት ነው። እነዚያ ባትሪዎች ከጦርነቱ በኋላ በገፍ ወደ ጠጋኞቹ ደጃፍ መጡ፤ ብዙዎቹ አልተነሱም።

ከእነዚያ ወራት ለሰውዬው የተረፈው አንድ ሀብት ግን አለ፤ በቀለም ባልዲ የተጠራቀሙ የሶላር መብራት ሴሎች። መብራቱ የተጣለው ማብሪያው ተበላሽቶ፣ ፓነሉ ተሰብሮ፣ ገመዱን አይጥ በልቶት ነው፤ ሴሉ ግን ጤነኛ ነው። ሰዉ የሚጥለው መብራቱን ሲሆን ባትሪውን አብሮ ይቀብረዋል።

ወደ ሪሞቱ እንመለስ፤ መምህሩ ሁለት አማራጭ ነበረው። ቀላሉና እኔ ብሆን የምመርጠው ስምንት አዲስ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሴሎች መግዛት ነው፤ በተለይ ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ኤኔሉፕና እሱን ተከትለው የመጡት፣ ቻርጅ ተደርገው ለወራት ቢቀመጡ እንኳ ብዙውን የሚይዙ። ቮልቴጃቸው ያው 1.2 ስለሆነ በአሮጌው ቦታ በቀጥታ ይገባሉ፤ አሮጌው ቻርጀርም ይሞላቸዋል፣ ሰዓቱ ብቻ ይረዝማል፤ 2000 የሚይዝን ሴል በ50 ሚሊ አምፒር ለመሙላት ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ችግሩ እነዚህ ሴሎች ከአዲስ አበባ መምጣታቸው ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ዕቃም ይዘጋል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚገባው 64 ኪሎ ሜትር ክፍት በሆነባቸው ሳምንታት እንኳ የሳይንስ ክበብ በጀት ለስምንት ሴል አይበቃም።

ሁለተኛው አማራጭ ባልዲው ውስጥ ነበር። አብዛኞቹ ትንንሽ የሶላር መብራቶች የሚይዙት ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። ይህ ውሕድ ለባትሪ የሚበጅ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያሳዩት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ2019 በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው ኖቤል ሲጋሩ 97 ዓመታቸው ነበር። ቮልቴጁ 3.2 ነው። ሦስት ጊዜ 3.2፣ 9.6። ሪሞቱ የተሠራበት ቁጥር ራሱ።

የቁጥሩ መግጠም አጋጣሚ ነው፤ ግን ጥሩ አጋጣሚ ነው። የቀፎ ሊቲየም ሁለት ቢደረግ 7.4 ሆኖ ሪሞቱ ገና ሲከፈት “ባትሪ አልቋል” እያለ ይጮሃል፤ ሦስት ቢደረግ ሲሞላ 12.6 ደርሶ የሪሞቱን የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ሦስት አይረን ፎስፌት ግን ሞልቶ እንኳ 10.8 ነው፤ ጥቂት እንደሠራ 9.8 አካባቢ ይወርድና እዚያው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህ ሪሞት የሚጮኸው 8.5 ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሴል 2.8 ያህል ይደርሳል፤ ሊቲየሙ ከሚጎዳበት ከፍ ብሎ። በኒኬል ዘመን የተገጠመ ደወል ለሊቲየሙም ጠባቂ ሆነ።

ባልዲው ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ። ከ2 ቮልት በታች የሚያሳየው ሁሉ ወዲያው ወደ ጎን ተጣለ፤ ሊቲየም እንዲህ ወርዶ ከከረመ በውስጡ መዳብ መሟሟት ይጀምራል፣ ቢሞላም አይታመንም። የቀሩት 3.2፣ 3.3 ያሳያሉ፤ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ቴስተር ብቻውን አይረዳም። የአይረን ፎስፌት ቮልቴጅ ከሞላ ጀምሮ ሊያልቅ እስኪል ድረስ እምብዛም አይነቃነቅም፤ ግማሽ የያዘውንም ሙሉውን የያዘውንም በቮልት መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሁሉም ሞልተው፣ በአንድ ዓይነት ትንሽ አምፖል ተራ በተራ ተራግፈው፣ 2.5 ላይ እስኪደርሱ የፈጀባቸው ሰዓት ላያቸው ላይ በእስክሪብቶ ተጻፈ። ሥራው ቀናት ወሰደ። የሳይንስ ክበቡ ልጆች እየተፈራረቁ ጠበቁ፤ መምህሩ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አደረገው። ሦስት ሴል የተመረጠው ብዙ ከያዙት መካከል አይደለም፤ እርስ በርስ እኩል ከያዙት መካከል ነው። አንድ ብርቱ ሴል ከሁለት ደካማ ጋር ቢሰለፍ ብርታቱ ለማንም አይጠቅምም።

አሠራሩ ላይ ሰውዬው ያሳየው ጥንቃቄ ደስ የሚል ነበር። ሴሎቹን አልበየዳቸውም፤ ሴል ላይ በቀጥታ ሶልደር ማድረግ ውስጡን ያበስላል። ከአሮጌ ካሴት ማጫወቻ የነቀለውን ባለ ስምንት ድንጋይ ማቀፊያ ወስዶ ሦስቱን በሦስት ቦታ አስገባ፤ የቀሩትን አምስት ቦታዎች ከወይራ ቀርጾ መዳብ ሽቦ በሳበባቸው እንጨቶች ሞላ። እንጨቶቹ ኤሌክትሪኩን ማሳለፍ ብቻ ነው ሥራቸው። ሴሎቹን ቀይ ቀባቸው፤ መጠናቸው ልክ እንደ ሰዓት ድንጋይ ስለሆነ የማያውቅ ልጅ ግድግዳ ሰዓት ውስጥ ቢከታቸው በ1.5 ፈንታ 3.2 ቮልት ይልኩበታል፤ ስምንቱም ቦታ በቀይ ሴል ቢሞላ ደግሞ ሪሞቱ ከ25 ቮልት በላይ ይጠጣና ያበቃለታል። በተበላው ጥቁር ሽቦ ምትክ አዲስ ሽቦ፣ በቀዩ ላይ ደግሞ አንድ አምፒር ፊውዝ ገባ። የማቀፊያው ምላሶች በአቼቶ ታጥበው በብሩሽ ተፈተጉ።

ከሁሉ ዋናው የቻርጀሩ ጉዳይ ነው። የኒኬል ቻርጀር የት እንደሚያቆም አያውቅም፤ ሰዓቱ ደርሶ ሰው እስኪነቅለው ይገፋል፤ ኒኬሉ ትርፉን ወደ ሙቀት ቀይሮ ይችለዋል፣ ሊቲየም አይችለውም። ሰውዬው ከሪሞቱ የቻርጅ ቀዳዳ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ሽቦ ቆርጦ አነሳው። (ቀዳዳው ራሱ ለብዙ ሰው ወጥመድ ነው፤ በፉታባ ሪሞቶች መሃሉ ፖዘቲቭ ሲሆን በጄአር ኔጋቲቭ ነው፣ ሶኬቱ ግን አንዱ ለሌላው ይገባል።) ሴሎቹ የሚሞሉት ተነቅለው፣ ሦስቱም ለየብቻ፣ በመጡበት የሶላር መብራት ሰሌዳ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ 3.6 ላይ ራሱ ያቆማል። ለየብቻ ስለሚሞሉም እኩልነታቸው አይበላሽም፤ ውድ ቻርጀር የሚሠራውን ሥራ ሦስት የተጣሉ ሰሌዳዎችና ሦስት የተጣሉ ፓነሎች ሠሩት።

በአንድ ነገር ብቻ ኒኬሉ ይበልጣል፤ በብርድ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቃዛ እንጂ በረዷማ አይደለም። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ወደ ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ እስከሚዘልቀው ተራራ ድረስ ያለው ውርጭ ግን ሌላ ነው። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ቢደረግ ሊቲየሙ ወደ ቦታው ከመግባት ይልቅ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይጋገራል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በደጋው መንደር መብራቱን ደጅ አሳድሮ ጎህ ሲቀድ ፓነሉ ላይ የሚሰካ ሰው ባትሪውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይገድለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መብራቱ ቤት ይደር፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይሰካ። ይህን ለደንበኛ የሚነግር ሻጭ ግን አላየሁም።

ጋሪው ከትምህርት ቤቱ ግቢ የድንጋይ አጥር ሥር ተነስቶ እስከ ባንዲራው ምሰሶ ሄዶ ተመለሰ። አንቴናው እስከ ጫፉ ተስቧል፤ ሰውዬው አንቴናው ተሰብስቦ ሪሞቱ እንዳይከፈት ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል፤ የሚላከው ኃይል መውጫ ሲያጣ ተመልሶ የማሰራጫውን ትራንዚስተር ያሞቃል። አዲሱ ባትሪ አሮጌው ገና አዲስ ሳለ ከያዘው ብዙም አይበልጥም። ሪሞቱ 200 ሚሊ አምፒር ያህል ይስባል፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ከበቂ በላይ ነው።

ስምንቱ አሮጌ ሴሎች ቀሩ። ካድሚየም መርዝ ነው፤ ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል፣ አፈር ከገባ በእህል በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው የባትሪ መመሪያ ከጥቂት አገልግሎቶች በስተቀር በእጅ ከሚያዙ ዕቃዎች አስወጥታዋለች። እኛም አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090 አለን፤ አቃቂ ላይም የተጣሉ ኮምፒውተሮችን የሚፈታ ማዕከል ተቋቁሟል። ከላሊበላ የተነሳ አንድ ብልቃጥ ሙሉ የሞተ ሴል ግን አቃቂ የሚደርስበት መንገድ የለም፤ የሚሰበስበው የለም፣ የሚያጓጉዘው የለም፣ ለሚያመጣው የሚከፍል የለም። በገበያ ቀን ከተማዋ ውስጥ የሚጣለው ባትሪ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይቃጠላል ወይም ጎርፍ ይወስደዋል። ሰውዬው ሴሎቹን ጫፋቸውን በፕላስተር አሽጎ ክዳን ባለው የብርጭቆ ማሰሮ ከተታቸው። መደርደሪያው ላይ እንዲህ ያሉ ማሰሮዎች ብዙ አሉ።

“ምን ያደርጓቸዋል?” አለ መምህሩ።

“እኔጋ ከሆኑ ቢያንስ ወንዝ ውስጥ የሉም” አለና የሚቀጥለውን ዕቃ ሳበ፤ የደብሩን የእጅ ድምፅ ማጉያ።